በወዳጅ ስም የመጣው ፋይል፦ መረጃ ሰራቂ ሶፍትዌር በኢትዮጵያውያን ላይ፣ ከዚያም በጌም ተጫዋቾች ላይ

ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. ቤልጂየም ውስጥ የሚሠራ አንድ የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን (ኢሳት) ባልደረባ በስካይፕ ፋይል ደረሰው። ፋይሉ በእንግሊዝኛ የተሰየመ ሲሆን «ለኢሳት የሚሆን ጽሑፍ» የሚል ነበር። የመጣበት አካውንት ቀደም ሲል ከጣቢያው ጋር አብሮ ይሠራ የነበረ ሰው አካውንት ስለሆነ ላኪው ባዳ አይመስልም። ሲያዩት ፒዲኤፍ ነው። ነገር ግን በስሙ መካከል ረጅም ባዶ ቦታ ገብቶበት እውነተኛ ዓይነቱ ከዓይን እንዲርቅ ተደርጓል፤ ሲከፈት ኮምፒዩተሩ ላይ ራሱን የሚጭን ፕሮግራም ነበር። በዚያ ዕለት በሁለት ሰዓት ውስጥ በሁለት የጣቢያው ባልደረቦች ላይ ሦስት ሙከራ ተደረገ። ሁለተኛው ባልደረባ በአሜሪካ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ቢሮ የሚሠራ ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢሳት በ2002 ዓ.ም. በውጭ አገር የተቋቋመ ጣቢያ ነው። ሥርጭቱ በተደጋጋሚ ታፍኗል፤ ጣቢያውም ከአንድ ሳተላይት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኖሯል። ሞገድ ማፈን ተመልካቹ እንዳያይ ይከለክላል እንጂ ዜናውን ለጣቢያው ማን እንደነገረ አይገልጥም። ታኅሣሥ 11 የተላከው ፋይል የተዘጋጀው ለዚህኛው ጉዳይ ነው፤ ፋይሎችንና የይለፍ ቃሎችን ይሰርቃል፣ የስካይፕ ንግግርንና የጽሑፍ መልእክትን ይጠልፋል። በዚያ ዘመን ከጎጃምም ሆነ ከወለጋ ስልክ ደውሎ ለጣቢያው ጥቆማ የሰጠ ሰው ስሙ በአንድ ጋዜጠኛ ኮምፒዩተር ውስጥ ከተገኘ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በሥራ ላይ ነበር፤ ግንቦት 7 የተባለው የተቃዋሚ ድርጅትም በ2003 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አሸባሪ ተብሎ ተሰይሟል።

ፋይሎቹ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም ደረሱ። ተቋሙ የካቲት 5 ቀን 2006 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ሶፍትዌሩ በጣሊያን ሚላኖ የሚገኘው ሃኪንግ ቲም የተባለ ኩባንያ «ሪሞት ኮንትሮል ሲስተም» እያለ የሚሸጠው ምርት መሆኑን አሳየ። ኩባንያው ምርቱን ለመንግሥታት ብቻ እንደሚሸጥ ይናገር ነበር። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቃል አቀባይ በበኩላቸው ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በሰጡት ምላሽ፣ መንግሥት የሃኪንግ ቲምንም ሆነ የሌላ ሻጭ ሰላይ ሶፍትዌር እንዳልተጠቀመ፣ የሚጠቀምበትም ምክንያት እንደሌለ ገለጹ። ይህን ምላሽ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ከአሥራ ስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰነድ ይመጣል።

የኢሳት ፋይል ግን የመጀመሪያው አልነበረም። መጋቢት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ይኸው ተቋም ፊንፊሸር ስለተባለው ሰላይ ሶፍትዌር ሰፊ ጥናት አውጥቶ ነበር። መነሻው እንግሊዝና ጀርመን በሆነው ጋማ ግሩፕ የተሸጠው ይህ ሶፍትዌር የተጠለፉ ኮምፒዩተሮችን የሚቆጣጠርባቸው ሰርቨሮች በ25 አገሮች ተገኙ፤ ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘው ናሙና ሲከፈት የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ያሳያል። ተመልካቹ ፎቶውን ሲያይ ከጀርባው ሶፍትዌሩ ተጭኖ፣ የኢትዮ ቴሌኮም በሆነ የኢንተርኔት አድራሻ ላይ ካለ ሰርቨር ጋር መነጋገር ይጀምራል። ለታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይገባዋል። የኢንተርኔት አድራሻ ሰርቨሩ የት እንደነበረ ይናገራል፤ ከኪቦርዱ ፊት የተቀመጠው ማን እንደሆነ በራሱ አይናገርም። በለንደን ስደተኛ የነበሩትና የግንቦት 7 አመራር አባል የሆኑት መምህር ታደሰ ከርስሞ ኮምፒዩተራቸው ላይ ይኸው ሶፍትዌር በሰኔ 2004 ዓ.ም. ገደማ ሠርቶ እንደነበር ከተረጋገጠ በኋላ፣ ፕራይቬሲ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት በ2006 ዓ.ም. በስማቸው ለእንግሊዝ የወንጀል መርማሪዎች አቤት ብሏል።

ከሁሉም ሰነድ የበለጠ ዝርዝር የያዘው ግን በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የከፈተው ክስ ነው። ሰውየው የአሜሪካ ዜጋ ነው። ፍርድ ቤቱ በአገር ቤት ያለው ቤተሰቡ እንዳይጎዳ በእውነተኛ ስሙ ሳይሆን «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም እንዲከስ ፈቀደለት። ክሱ የካቲት 11 ቀን 2006 ዓ.ም. በዋሽንግተን የፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ጠበቆቹን ያቀረበው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን የተባለ የመብት ድርጅት ነው። ተከሳሹ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው።

በክሱ መሠረት ነገሩ የተጀመረው በኢሜይል በመጣ የወርድ ሰነድ ነው። ኢሜይሉን ለኪዳኔ ያደረሰው የሚያውቀው ሰው ነው፤ ያም ሰው ከሌላ የደረሰውን አስተላለፈለት እንጂ ተንኮል አልነበረውም። ኪዳኔ ሰነዱን ከፈተ። ከ2005 ዓ.ም. ጥቅምት አካባቢ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ፣ አራት ወር ተኩል ያህል፣ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የተደረገው እየተቀዳ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ይላክ ነበር። የስካይፕ ጥሪዎች ተቀድተዋል፣ ኢሜይሎች ተነብበዋል፣ በኢንተርኔት የተፈለገው ሁሉ ተመዝግቧል። ኮምፒዩተሩ የቤተሰብ ነበርና በስለላው መረብ የተያዘው አባትየው ብቻ አይደለም። ልጁ የዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርቱ የቤት ሥራ አድርጎ ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ የፈለገው ነገር ሳይቀር ተወስዷል። ስለ ኢትዮጵያ ፖለቲካ ሲባል የተላከ ሶፍትዌር በአንድ ተማሪ የቤት ሥራ ላይ ተገኘ። ከዚህ መዝገብ ሁሉ ልቤን የነካው ይህ መስመር ነው፤ መረጃ ሰራቂ ሶፍትዌር ኮምፒዩተሩን እንጂ ሰውየውን እንደማያውቅ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አላገኘሁም።

የሲቲዝን ላብ የፊንፊሸር ጥናት ከወጣ ከአምስት ቀን በኋላ ሶፍትዌሩ በኪዳኔ ኮምፒዩተር ላይ ሥራውን አቆመ። ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ነበር፤ ግን ሳይጨርስ ቀረ። የተረፈው ቅሪት ነው ማስረጃ ሆኖ ፍርድ ቤት የቀረበው።

ኢትዮጵያ በፍርድ ቤቱ የተከራከረችው «አላደረግሁም» በሚለው ላይ ሳይሆን ሉዓላዊ መንግሥት በሌላ አገር ፍርድ ቤት አይከሰስም በሚለው ላይ ነው። የአሜሪካ ሕግ የውጭ መንግሥታትን ከክስ ይከላከላል፤ መንግሥቱ በአሜሪካ ምድር በሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ ግን ከለላው ሊነሳ የሚችልበት አንቀጽ አለ። ዳኛ ራንዶልፍ ሞስ ግንቦት 16 ቀን 2008 ዓ.ም. ክሱን ዘጉት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ውሳኔውን አጸና። የፍርዱ ጭብጥ ይህ ነው፦ አንቀጹ እንዲሠራ ጥፋቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአሜሪካ ውስጥ መፈጸም አለበት፤ እዚህ ግን ሐሳቡ የተጠነሰሰው፣ ሶፍትዌሩም የተላከው ከውጭ ነው። ኪዳኔ በቤቱ ተቀምጦ፣ በራሱ ኮምፒዩተር፣ በራሱ አገር ተሰለለ፤ ሆኖም አጥፊው በአካል ድንበር ስላልተሻገረ ፍርድ አጣ። ሕጉ በ1969 ዓ.ም. ገደማ፣ ሰው ሳይሄድ እጁ ብቻ ባሕር ይሻገራል ተብሎ ባልታሰበበት ዘመን የተጻፈ ነው። ዳኞቹ ሕጉን አነበቡ እንጂ አላጣመሙ ይሆናል፤ ውጤቱ ግን ፍትሕ ነው ለማለት እኔ ድፍረት የለኝም።

ከዚህ ሁሉ መሐል ሌላው ሰነድ መጣ። ኢሳት በ2007 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት እንደገና ተነካክቶ ነበር፤ ለማኔጂንግ ዳይሬክተሩ ነአምን ዘለቀ ሰላይ ሶፍትዌር ያዘሉ ኢሜይሎች ተልከው ሲቲዝን ላብ ይህንን የካቲት 30 ቀን 2007 ዓ.ም. ይፋ አደረገ። አራት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 28 ቀን፣ ሃኪንግ ቲም ራሱ ተዘረፈ። ፊኒያስ ፊሸር በሚል ስም የሚታወቅ ሰርጎ ገብ ወደ 400 ጊጋባይት የሚደርስ የኩባንያውን ደብዳቤ፣ ውልና ደረሰኝ ለዓለም በተነው። በውስጡ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ በአጭር አጠራሩ ኢንሳ፣ ለኩባንያው አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ መክፈሉን የሚያሳይ የ2012 የአውሮፓ ዓመት ደረሰኝ ተገኘ። የኩባንያው ኃላፊዎች እርስ በርስ የተጻጻፏቸው ኢሜይሎችም የሲቲዝን ላብ ጥናት ከወጣ በኋላ ከኢትዮጵያው ደንበኛ ጋር ያለውን ሥራ ለጊዜው ገትተው እንደነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ግን ስለ አዲስ ውል መነጋገር እንደጀመሩ ያሳያሉ። ሂውማን ራይትስ ዎች ይህን ሰነድ በዚያው ክረምት ዘርዝሮ ጽፎበታል። የኤምባሲውን ምላሽ ከደረሰኙ አጠገብ ያስቀመጠ ሰው የትኛው እንደሚጸና ያያል።

ቀጣዩ ሻጭ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ነው። ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም. በወጣው ጥናት መሠረት ከ2008 ዓ.ም. አንሥቶ በውጭ የሚኖሩ የኦሮሞ ተቃዋሚዎች፣ ከእነርሱም የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ዳይሬክተር የነበረው ጃዋር መሐመድ፣ የቪዲዮ ሊንክ የያዙ ኢሜይሎች ይደርሷቸው ነበር። ሊንኩ የሚወስደው የታወቀ የኤርትራውያን የቪዲዮ ድረ ገጽ ወደሚመስል ሐሰተኛ ገጽ ነው፤ ቪዲዮውን ለማየት «የፍላሽ ማጫወቻዎን ያድሱ» ይላል። እድሳቱ ሰላዩ ነው። አንድ የዶክትሬት ተማሪና አንድ ጠበቃ፣ በመጨረሻም የሲቲዝን ላቡ ተመራማሪ ቢል ማርዛክ ራሱ ዒላማ ሆነዋል። አጥቂዎቹ የሥራ መዝገባቸውን ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ ትተውት ስለነበር ተመራማሪዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ ማን የት እንደተጠቃ እያዩ ቆዩ፤ የተጠቁ ኮምፒዩተሮች በ20 አገሮች ነበሩ።

የሦስቱን ሻጮች ሰነድ አንድ ላይ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። በሚሊዮን ዶላር የተገዛው መሣሪያ ሁልጊዜ በሩን የከፈተው በተራ ነገር ነው፤ በሚያውቁት ሰው አካውንት፣ በወዳጅ በተላለፈ ኢሜይል፣ ሊያዩት በሚጓጉለት ፎቶ፣ በቪዲዮ። በሚታመን መስመር ገብቶ ማታለል ለእኛ ለጎጃም አዲስ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. ከሁለት ሺህ ያልበለጠው፣ ጌድዮን የተባለው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦር ከአርበኞች ጋር በቡሬ በኩል አልፎ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ፣ በተያዘ የጣሊያን ምሽግ ውስጥ ስልክ ይሠራ ነበር። ጣሊያንኛ አጣርቶ የሚናገረው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ ስልኩን ይዞ እንደ ወገን ሆኖ፣ ብዙ ሺህ የእንግሊዝ ጦር እየመጣ ነውና አፈግፍጉ ብሎ በዓባይ በኩል ያሉትን ጣሊያኖች አስደነገጠ። መስመሩ የራሳቸው፣ ቋንቋውም የራሳቸው ነበርና ሰሚዎቹ አልጠረጠሩም።

አሁን ወደ ልጆቻችን ኮምፒዩተር እንምጣ። በኪዳኔና በኢሳት ላይ የተሠራበት ዘዴ ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት የሚያጠምደው የቪዲዮ ጌም ተጫዋቾችን ነው፤ የሚፈለገው የፖለቲካ ምሥጢር ሳይሆን ገንዘብና አካውንት ነው። ነገሩም አሁን አልጀመረም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ታተርፍ የተባለ ቫይረስ በፍላሽ ዲስክ እየተዘዋወረ የኦንላይን ጌም የይለፍ ቃሎችን ይሰርቅ ነበር። ሬድላይን የተባለው ሰራቂ በ2012 ዓ.ም. ብቅ አለ። ካስፐርስኪ መስከረም 2015 ዓ.ም. እንደገለጸው አንዱ የሬድላይን ዘመቻ የጌም ቺት (ማጭበርበሪያ) እና ክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ ቅጂ) በማስመሰል በዩቲዩብ ይሰራጭ ነበር፤ የተጠቃው ወጣት የዩቲዩብ ቻናል ተወስዶ፣ በራሱ ስም ለሚቀጥለው ሰለባ ማስታወቂያ ይጫንበታል። በዚያው ዓመት ግንቦት ማብቂያ ላይ የማይንክራፍት ተጫዋቾች የሚያምኗቸው አዘጋጆች አካውንት ተጠልፎ፣ በከርስፎርጅ መድረክ ላይ ባሉ ሞዶች (ጌሙን የሚቀይሩ ተጨማሪ ፋይሎች) ውስጥ ፍራክቸራይዘር የተባለ ሰራቂ ገባ። ስቲም በተባለው ትልቁ የኮምፒዩተር ጌም ገበያ ላይም ብሎክብላስተርስ የተባለ ነጻ ጌም ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ ነሐሴ 24 ቀን በመጣ እድሳት ውስጥ ሰራቂው ተጨመረበት። በመስከረም 2018 ዓ.ም. አንድ ወጣት ለካንሰር ሕክምናው ያሰባሰበውን ከ30 ሺህ ዶላር በላይ በዚሁ ጌም ምክንያት፣ በቀጥታ ሥርጭት ላይ እያለ አጣ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ብሮውዘር «የይለፍ ቃልህን ላስቀምጥልህ?» ሲል እሺ ያልነው ሁሉ በአንድ ፋይል ይቀመጣል። ሰራቂው ያንን ፋይል፣ ኩኪ የሚባሉትን የመግቢያ ማስታወሻዎች፣ የቴሌግራምና የጌም አካውንቶችን ቁልፍ በደቂቃዎች ውስጥ ጠቅልሎ ይልካል። ኩኪው ከተወሰደ በስልክ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር እንኳ አያድንም፤ ሌባው ቀድሞ የገባ ባለቤት መስሎ ይታያልና። ለኢንሳ የሚሊዮን ዶላር ደረሰኝ የተቆረጠበት ዓይነት ሥራ አሁን በወር በጥቂት መቶ ዶላር ይከራያል። ሉማ የተባለው ሰራቂ ከመጋቢት 7 እስከ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው ሁለት ወር ብቻ 394 ሺህ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን እንዳጠቃ ማይክሮሶፍት ገልጿል። የሬድላይን መረብ በጥቅምት 2017፣ የሉማም በግንቦት 2017 በዓለም አቀፍ ዘመቻ ተመትተዋል።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በገበዝ ማርያም ያለ አንባቢ ይህ የሩቅ ወሬ እንዳይመስለው እለምናለሁ። በአገራችን ጌም የሚገኘው ባብዛኛው ከባለቤቱ ተገዝቶ ሳይሆን ክራክ ሆኖ በፍላሽ፣ በስልክ ደግሞ በዜንደር ከጓደኛ ወደ ጓደኛ እየተላለፈ ነው፤ ማለትም ልክ እንደ ኪዳኔ ኢሜይል፣ ክፉ ባልሆነ ወዳጅ እጅ። ክራኩን ለመጫን «አንቲቫይረሱን አጥፋው» የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል፤ ልጆቹም ያጠፉታል። ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ የአንድ ሰው አይደለም። ቀን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የሚሠራበት፣ ደንበኛ ኢሜይሉን የሚከፍትበት ኮምፒዩተር ማታ የጌም መጫወቻ ይሆናል። በሲልቨር ስፕሪንግ የአባት ጉዳይ የልጁን የቤት ሥራ ይዞ ሄደ፤ እዚህ ደግሞ የልጅ ጌም የእናቱን የባንክ የይለፍ ቃል ወይም የማያውቀውን የደንበኛ ኢሜይል ይዞ ሊሄድ ይችላል። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘባችንም ስልካችን ውስጥ ነው።

ሕጉን በተመለከተ አሁን ባዶ እጃችንን አይደለንም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባትንና መረጃ መጥለፍን ወንጀል አድርጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ነገር ግን አዋጅ ያለ ማስረጃ አይራመድም። ከላይ የተረኩት ታሪኮች አብዛኞቹ የተጻፉት ፋይሉ የደረሳቸው ሰዎች ስላስቀመጡት ነው። የኢሳት ባልደረቦች ደንግጠው ቢያጠፉት፣ ኪዳኔ ኮምፒዩተሩን ፎርማት አስደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ የሚላኖም የሰርቨሩም ነገር በዚያን ጊዜ አይታወቅም ነበር።

ስለዚህ ለኮምፒዩተር ቤት ባለቤቶች፣ ለአይሲቲ መምህራንና ለተጫዋቾቹ ራሳቸው አንድ ልመና አለኝ። አካውንታችሁ ሲወሰድባችሁ መጀመሪያ ከሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር የይለፍ ቃላችሁን ሁሉ ቀይሩ፤ በየአካውንቱ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውንም ተጫኑ። ከዚያ የተጠቃውን ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ለዩት፤ ወዲያው ፎርማት አታድርጉት። ፋይሉ ከማን፣ በምን ቀን፣ በምን መንገድ እንደደረሳችሁ በወረቀት ጻፉና ለፖሊስ አመልክቱ፤ የሰጣችሁንም ጓደኛ ከመወንጀል በፊት እርሱም ተሰርቆ እንደሆነ ጠይቁት።